ማታ ኩርሽም፣ ጠዋት ጎማ፦ የቤት ዳቦ ቅርፊት እንዴት ይቆይ?

ሳራ_ገርጂ
ሐሙስ፣ ማታ 3፡10

ሰላም ለሁላችሁ። ዳቦ ቤት መሰለፍ ትቼ ቤቴ መጋገር ከጀመርኩ ቆየሁ፤ በአወጣጡ ቅር አይለኝም። 500 ግራም ፉርኖ ዱቄት፣ 350 ግራም ውሃ፣ 10 ግራም ጨው፣ ትንሽ ደረቅ እርሾ። ሊጡን ፍሪጅ አሳድሬ በጋለ ብረት ድስት ከድኜ በኤሌክትሪክ ኦቨን እጋግረዋለሁ። ሲወጣ ቅርፊቱ ሲንጣጣ ሳሎን ድረስ ይሰማል። ቢላ ሲገባበት ፍርፋሪው ጠረጴዛው ላይ ይበተናል።

ጣጣው ጠዋት ነው። ቅርፊቱ ጎማ ሆኖ ያድራል፤ ስትጎትቱት ይለጠጣል እንጂ አይሰበርም። ፌስታል ውስጥ ያደረ እንደሆነ ከነላቡ ነው የማገኘው። በፎጣ ጠቅልዬ መሶብ ውስጥ ሳስቀምጠው ትንሽ ይሻላል፣ ግን ያው ነው። ፍሪጅ የገባው ደግሞ ቅርፊቱም አልዳነ፣ ውስጡም ጠጠረ። እንዲሁ ጠረጴዛ ላይ ስተወው የተቆረጠው ፊት ይደርቃል። ባለቤቴ «ዳቦ ቤት ሂጂና ገላግይን» ማለት ጀምሯል። ቢያንስ እስከ ነገ ቁርስ ቅርፊቱን ማቆየት የሚያውቅ ካለ እባካችሁ ንገሩኝ።


ጎረቤት_ነኝ
ሐሙስ፣ ማታ 3፡18

መፍትሔው ቀላል ነው እህቴ፤ ማታውኑ ጨርሱት። ካልቻላችሁ እኔ አለሁ።


የዳቦቤት_ልጅ
ሐሙስ፣ ማታ 4፡02

ሳራ፣ ሲወጣ የሚንጣጣ ቅርፊት ካገኘሽ ትልቁን ሥራ ጨርሰሻል። የቀረሽ ውሃውን መሸኘት ነው።

ያደግሁት ዳቦ ቤት ውስጥ ነው፤ አባቴ ጋጋሪ ነበር። ከምድጃ የወጣ ዳቦ ቅርፊቱ ከሞላ ጎደል ደረቅ ነው፤ ውስጡ ግን ከክብደቱ 40 በመቶ በላይ አሁንም ውሃ ነው። ያ ውሃ አርፎ አይቀመጥም። ሌሊቱን ሙሉ ከበዛበት ወደ ጎደለበት፣ ከመሀል ወደ ቅርፊቱ ይጓዛል። እዚያ ሲደርስ መውጫ ካገኘ አየር ላይ ይበተናል፤ ፌስታል ካገደው ቅርፊቱ ላይ ይቀራል። ስለዚህ በምን ልሸፍነው ከማለትሽ በፊት የሚሸኘውን ውሃ መቀነስ አለብሽ።

መጀመሪያ አጋገሩ። ድስቱን መክደንሽ ደግ አድርገሻል፤ በመጀመሪያዎቹ 20 ደቂቃዎች እንፋሎቱ ታፍኖ ሲቀር ቅርፊቱ ቶሎ አይደርቅም፣ ሊጡም ይነፋል። ከዚያ ክዳኑን አንሺና አትቸኩይ። አብዛኛው የቤት ጋጋሪ ወርቅማ ቀለም ሲያይ ይደነግጥና ያወጣዋል። ጠቆር ያለ ቡናማ እስኪሆን ይቆይ። ወፍራምና በደንብ የደረቀ ቅርፊት ከውስጥ የሚመጣውን ውሃ ጠጥቶ እስኪጠግብ ጊዜ ይወስዳል፤ ስስ ከሆነ ግን ገና ሳይመሽ ይለሰልሳል። በስተመጨረሻ ኦቨኑን አጥፊ፤ ዳቦውን ከድስቱ አውጥተሽ ሽቦው ላይ አስቀምጪ፤ በሩ ላይ የእንጨት ማማሰያ ሰክተሽ ገርበብ እንዳለ 10 ደቂቃ ተዪው። በዚያች 10 ደቂቃ የሚወጣው እንፋሎት ሌሊት ቅርፊቱ ላይ ሊያርፍ የነበረው ነው።

ቀጥሎ ማቀዝቀዝ። ትኩሱን ዳቦ ዝርግ ትሪ ላይ አስቀምጠሽ ትንሽ ቆይተሽ አንሺውና ትሪውን እዪ፤ ክብ የውሃ ምልክት ታገኛለሽ። የታችኛው ቅርፊት እዚያው አለቀለት ማለት ነው። የኦቨኑ ሽቦ መደርደሪያ ይበቃል። ሽቦ ከሌለም ሰፌድ ሁለት ኩባያ ላይ አስቀምጪና ከሥሩ አየር ይግባ። የአንቺ ዓይነት ዳቦ ውስጡ እስኪበርድ ሁለት ሦስት ሰዓት ይፈልጋል። እስከዚያ ቢላ አይንካው፣ ጨርቅም አይልበስ። አባቴ ዳቦው ከፈርኖው ሲወጣ እርስ በርሱ ሳይነካካ የእንጨት መደርደሪያ ላይ ያቆመው ነበር። ሰልፈኛው «ትኩሱን ስጠኝ» ይልና ፌስታሉን ጥርቅም አድርጎ ቋጥሮ ይሄዳል፤ ቤቱ ሲደርስ ቅርፊቱ የለም፣ በማግስቱ መጥቶ ዳቦ ቤቱን ይሰድባል።

የመጀመሪያዋ ሌሊት ላይ ምንም አትሸፍኚ። ግማሹን ከበላችሁ የተቆረጠውን ፊት መክተፊያ ላይ ድፊው፤ ውስጡ አይደርቅም፣ ቅርፊቱ ደግሞ ይተነፍሳል። ጉንዳን ወይም ዝንብ ካስቸገረ ስስ ጨርቅ ጣል አድርጊበት። በሁለተኛው ቀን የወረቀት ከረጢት። ከዚያ በኋላ ቅርፊቱንም ውስጡንም እኩል የሚያቆይ ዕቃ የለም፤ «አለ» የሚልሽ ዕቃውን ሊሸጥልሽ የፈለገ ነው።


እትዬ_የሺ
ዓርብ፣ ጠዋት 1፡35

እንደምን አደራችሁ ልጆቼ። እኔ ግን አንድ ነገር ግራ ገባኝ። እኛ ዳቦ ስንጋግር ገና ከምጣዱ ሲወጣ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅለል አድርገን መሶብ የምናስገባው ቅርፊቱ እንዲላምልን ነበር። ድድ የሚያደማ ዳቦ ለእንግዳ ይቀርባል? ድፎውንስ በኮባ የምንጠቀልለው ለምን ሆነና! ከላይና ከታች እሳት ተደርጎበት፣ ኮባው ወዙን አፍኖ ይዞለት፣ ለበዓል የተጋገረ ድፎ ሲቆረስ ሦስተኛ ቀኑ ላይም ለስላሳ ነው። ቅርፊቱ ሲንኮሻኮሽ ሰምቼም አላውቅ፤ ደግሞም ማንም አልከፋው።

ሳራ ልጄ፣ ኩርሽም የሚለውን ከወደድሽው ጠዋት ቆርጠሽ ብረት ምጣድ ላይ ጣል አድርጊው። ለዚህ ሌሊቱን ሙሉ ምን አስጨነቀሽ?


ሳራ_ገርጂ
ዓርብ፣ ጠዋት 2፡20

እትዬ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የእርስዎን ድፎ አግኝቼ ባጣጣም ኖሮ ይህን ጥያቄ አልጠይቅም ነበር። እኔ ግን ድፎ አይደለም የምጋግረው፤ ሾርባና ፉል ውስጥ ሲነከር የማይልመጠመጥ፣ ጠንከር ያለውን ነው ቤተሰቤ የለመደው።

የዳቦቤት_ልጅ፣ የማማሰያውን ነገር ዛሬውኑ አደርገዋለሁ። አንድ ያልገባኝ ነገር አለ፤ ፍሪጅ ደረቅና ቀዝቃዛ ነው፤ ታዲያ ለምን ከሁሉም የባሰ አበላሸብኝ?


ዱቄትና_ውሃ
ዓርብ፣ ቀን 6፡45

ይህቺን ለእኔ ተዉልኝ፤ የተማርኩት የምግብ ሳይንስ ስለሆነ ዳቦ ሲነሳ ዝም ማለት አልችልም።

ዳቦ ሲያረጅ ሁለት ተቃራኒ ነገሮች ናቸው አብረው የሚሆኑት። ቅርፊቱ ይለሰልሳል፣ ውስጡ ይጠጥራል። የቅርፊቱን የዳቦቤት_ልጅ ተናግሮታል። የውስጡ ግን ውሃ ማጣት ብቻ አይደለም። ቡሲንጎ የሚባል ፈረንሳዊ ኬሚስት በ1852 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት፣ ዳቦ ውሃው እንዳያመልጥ ታሽጎ ቢቀመጥም እንደሚያረጅ፣ ያረጀው ደግሞ መልሶ ሲሞቅ እንደሚለሰልስ አሳይቷል። ሙቀት ውሃ ያባርራል እንጂ አይጨምርም፤ ስለዚህ ጥፋቱ የውሃ ብቻ ሊሆን አይችልም ማለት ነው።

ጉዳዩ ስታርቹ ነው። ሲጋገር ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ ይለሰልሳል። ሲቀዘቅዝ ቀስ በቀስ መልሶ ይደረደርና ይጠጥራል። ይህ መደርደር ከሁሉ የሚፈጥነው ከበረዶ ነጥብ ጥቂት ከፍ ባለ ቅዝቃዜ ነው፤ ፍሪጅሽ 4 ዲግሪ ላይ ሲሆን የሚያደርገውም ያንኑ ነው። ፍሪጅ ያደረ እንጀራ ሲጠቀልሉት የሚሰነጣጠቀውም በዚሁ ምክንያት ነው። ፍሪዘር ውስጥ በ18 ዲግሪ ከዜሮ በታች ግን መደርደሩ የቆመ ያህል ይዘገያል። ውስጡ ከ60 ዲግሪ በላይ ሲሞቅ ደግሞ የተደረደረው ይፈታና ዳቦው ይመለሳል። ስለዚህ ዳቦ ጠረጴዛ ላይ ወይ ፍሪዘር ውስጥ ይቀመጥ፤ ፍሪጅ መሀል ቤት ነው፣ ለዳቦ አይሆንም። ሻጋታን ያዘገያል፣ እውነት ነው፣ ግን ያልሻገተ ጠጣራ ዳቦ ይሰጥሻል።

ሌላም ልጨምር፤ ምክንያቱም ገርጂ ነኝ ብለሻል። የውጭ አሠራሮችን ስታነቢ «የዳቦው ውስጥ 96 እስከ 99 ዲግሪ ሲደርስ አውጡት» ይላሉ። እነሱ የሚጽፉት ከባሕር ጠለል ብዙም ከፍ ላላለ አገር ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ ውሃ እዚህ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ዳቦው ውስጥ ውሃ እስካለ ድረስ ከዚያ ብዙ አያልፍም። ቴርሞሜትር ወግተሽ 98 ስትጠብቂ ዳቦው ከሰል ይሆናል፤ «92 ደርሷል» ብለሽ ወዲያው ብታወጪውም ገና ውሃውን ያልጨረሰ ዳቦ ነው የምትይዢው። እዚህ አገር የሚሻለው ሚዛን ነው። የአንቺ ሊጥ ወደ 860 ግራም ነው። በደንብ የተጋገረ ዳቦ ከሊጡ ክብደት ከ10 እስከ 15 በመቶ ይቀንሳል። ወደ 750 ከቀረበ ጥሩ ነው፤ ከ780 በላይ ከሆነ ያ ሁሉ ትርፍ ውሃ ሌሊት ቅርፊትሽ ላይ የሚያድር ነው።


ሲልቨር_ስፕሪንግ
ዓርብ፣ ማታ 1፡50

ሰላም ከሜሪላንድ። እዚህ የሐምሌና የነሐሴ ወበቅ ከባድ ነው፤ ኤር ኮንዲሽነር በሌለበት ክፍል ውጭ የተተወ ዳቦ ከሰዓት በኋላ ላይ ቅርፊቱ የለም። ክረምት ላይ ማሞቂያው ቤቱን ስለሚያደርቀው በተቃራኒው ነው፤ ቅርፊቱ ይቆያል፣ የተቆረጠው ፊት ግን ጠጠር ይሆናል። ስለዚህ ከዕቃ ጋር መታገሉን ትቼ ፍሪዘር ነው የምጠቀመው።

የማደርገው እንዲህ ነው። ዳቦው ሙሉ በሙሉ ሲበርድ፣ በተጋገረበት ቀን፣ ማታ የማንበላውን ግማሽ በላስቲክ ጥብቅ አድርጌ ጠቅልዬ፣ በፍሪዘር ከረጢት ደግሜ አስገባለሁ። በማግስቱ የተረፈውን መጣል ዋጋ የለውም፤ የምታስገቡትን ነው የምታወጡት። ጠዋት ከላስቲኩ አውጥቼ፣ ቅርፊቱን በእርጥብ እጅ ዳበስ አድርጌ፣ በጋለ ኦቨን 190 ዲግሪ ላይ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ። መሀሉ እስኪሞቅ ነው የምጠብቀው። ከዚያ ሽቦ ላይ ጥቂት ሲያርፍ እንደገና ይንጣጣል። ለአንድ ሰው ከሆነ ደግሞ ቀድሞ ቆርጦ ማስገባትና ቁራሹን ከፍሪዘር ቀጥታ ቶስተር ውስጥ መጨመር ነው። ሁለት ወር ድረስ ምንም አይልም፤ ከዚያ በኋላ የፍሪዘር ሽታ ይጀምረዋል።

ላስቲኩ ውስጥ እንዳለ እንዲቀልጥ አትተዉት። በረዶው ቀልጦ የሚያርፈው ቅርፊቱ ላይ ነው።


ጎረቤት_ነኝ
ዓርብ፣ ማታ 2፡05

ቆይ፣ ቆይ። ኩርሽም እንዲል ውሃ እየቀባችሁት? ሲረጥብ ተበላሸ እያላችሁ ማታ ሙሉ ስታለቅሱ አልነበረም?


ዱቄትና_ውሃ
ዓርብ፣ ማታ 2፡40

ጥያቄህ ቀልድ ቢመስልም ልክ ነው። ላዩ ላይ የተቀባው ጥቂት ውሃ መሀሉ እስኪሞቅ ድረስ ቅርፊቱ እንዳያርር ጊዜ ይሰጠዋል፤ ከዚያ የኦቨኑ ደረቅ ሙቀት እሱንም ሌሊት የተጠራቀመውንም አብሮ ያወጣዋል። ቅርፊት የሚገደለው ውሃ ሲያርፍበትና መውጫ ሲያጣ ነው። ትኩስ ኦቨን ውስጥ መውጫ ሞልቷል።

ማይክሮዌቭ ግን አይሞከርም። ውሃውን ከመሀል እያፈላ ወደ ቅርፊቱ ይገፋዋል፣ ዙሪያው ያለው አየር ደግሞ ስላልሞቀ አያደርቀውም። ለአንዲት ደቂቃ ለስላሳ ይሆንና ሲበርድ ጥርስ ይነቅላል።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ በኦቨን የታደሰ ዳቦ መልሶ የሚያረጀው ከመጀመሪያው ፈጥኖ ነው። የምትበሉትን ያህል ብቻ አድሱ።


ሳራ_ገርጂ
ቅዳሜ፣ ጠዋት 3፡15

ፍሪዘሩ ልብ ይነካል፣ ግን የእኛ ሰፈር መብራት ታውቁት የለ። ሲሄድ ግማሽ ቀን ነው። ቀልጦ መልሶ ቢቀዘቅዝ አይበላሽም?

ደግሞም ኦቨኑን ለግማሽ ዳቦ ብቻ ጠዋት ጠዋት ማጋል የመብራት ሒሳቡ አያስችልም። ኦቨን የሌለው ሰውስ ምን ያድርግ?


ሲልቨር_ስፕሪንግ
ቅዳሜ፣ ቀን 9፡30

የሞላ ፍሪዘር በሩ ካልተከፈተ 48 ሰዓት ያህል ቅዝቃዜውን ይይዛል፣ ግማሽ የሞላ ደግሞ 24 ሰዓት። ለግማሽ ቀን አትጨነቂ፤ በሩን ብቻ አትክፈቺው። ባዶ ቦታ ካለው ውሃ የሞሉ የፕላስቲክ ጠርሙሶች ደርድሪበት፣ እነሱም ይቀዘቅዙና ይረዱሻል፤ ሲሞሉ ግን አፋቸው ድረስ አይሁን። ዳቦው ከቀለጠ መልሰሽ ከማቀዝቀዝ ይልቅ ያንኑ ቀን አሙቀሽ ብሉት።


እትዬ_የሺ
ቅዳሜ፣ ማታ 12፡50

ኦቨን ለሌለው እኔ ልንገራችሁ፤ ኦቨን የገባው እኮ ትናንት ነው። ትልቅ ቁራሽ ከሆነ ምጣዱን በመጠነኛ እሳት አግሉት፤ ዳቦውን በቅርፊቱ በኩል አስቀምጡና መጀመሪያ አክምባሎውን ድፉበት፤ በራሱ እንፋሎት መሀሉ ድረስ ይሞቃል። ከዚያ አክምባሎውን አንሡና እያገላበጣችሁ አቆዩት፤ ያኔ ቅርፊቱ ይደርቃል። ከድናችሁ ብትጨርሱት ልምሾ፣ ሳትከድኑ ብትጀምሩት ደግሞ ላዩ አርሮ መሀሉ ቀዝቃዛ ይሆናል። የኤሌክትሪኩም ምጣድ ያው ነው። ቀጭን ቁራሽ ከሆነ መክደንም አያስፈልግ፤ መጥበሻም ይበቃዋል። ዘይት ጠብ አታድርጉበት።

ጭራሽ ከጠጠረ ደግሞ ቁርስርስ አድርጋችሁ በቅቤና በበርበሬ ፍርፍር። የትናንቱ ዳቦ ለፍርፍር ከዛሬው ይሻላል፤ የዛሬው ሊጥ ይሆናል።


ጅዳ_ያለሁት
እሑድ፣ ጠዋት 4፡00

እናንተ በ2,300 ሜትር ተቀምጣችሁ ስለ ቅርፊት ትጨቃጨቃላችሁ፣ እኛ ባሕር ዳርቻ ያለነው ዳቦው በሕይወት ከተረፈ ተመስገን ነው። እዚህ «አትሸፍኑት፣ ይተንፍስ» የሚለው ምክር አይሠራም፤ የውጭው አየር ራሱ ከቅርፊቱ የበለጠ ውሃ አለው። ኤር ኮንዲሽነር በሚሠራበት ክፍል ካልሆነ ውጭ መተው የለም።

አንድ ጊዜ የጋገርኩት ዳቦ ሻጋታ የለበትም፣ ቅርፊቱም ደህና ነው፣ ስቆርጠው ግን የበሰበሰ ሐብሐብ የመሰለ ሽታ ሰጠኝ፤ መሀሉ ጭቅይት ብሎ ሁለቱን ቁራሽ ሳለያይ ክር እየሳበ ይወጣል። ዱቄቱን ቀየርኩ፣ እንደገና መጣ። ይህን የሚያውቅ አለ?


የዳቦቤት_ልጅ
እሑድ፣ ቀን 7፡25

አውቀዋለሁ፣ የጋጋሪ ጠላት ነው። አፈርና ዱቄት ላይ የሚገኝ ባሲለስ የሚባል ባክቴሪያ አለ፤ ዘሩ ምድጃ ውስጥ አይሞትም። ዳቦው ሞቅ ባለና እርጥብ በሆነ ቦታ ቀስ እያለ ሲበርድ፣ ወይም ሳይበርድ ሲታሸግ፣ መሀሉ ውስጥ ይነሳል። የቆላ ዳቦ ቤቶች በሙቀቱ ወራት የሚፈሩት ይህንን ነው። የሸተተውን ሙሉውን ጣለው፤ ቆርጠህ የተረፈውን አትብላ። መክተፊያውን፣ ቢላውን፣ የዳቦ ሳጥኑን በአቼቶ እጠብ፤ ዱቄቱን ቀይረህ እንኳ የተመለሰው ዕቃህ ላይ ስለቀረ ሊሆን ይችላል።

ባክቴሪያው ኮምጣጣ ሊጥ አይስማማውም። አንድም ሊጡን በቆየ እርሾ አኮምጥጠው፣ አንድም ለግማሽ ኪሎ ዱቄት አንድ የሾርባ ማንኪያ አቼቶ ጨምር። በጣዕሙ አታውቀውም። በቆየ እርሾ የተነሳ ዳቦ ሻጋታውንም ያዘገያል፤ ለዚህ ነው እናቶቻችን ያለ ፍሪጅ ሳምንት የሚያቆዩት። ሻጋታም ላይ ያው ነው፦ አረንጓዴዋን ነጥብ ቆርጦ የቀረውን መብላት አይገባም፤ ዳቦ ቀዳዳ ቀዳዳ ስለሆነ ሥሩ ከሚታየው አልፎ ይሄዳል።


ድሬ_ቀፊራ
እሑድ፣ ማታ 2፡10

ድሬዳዋ ላይ ደግሞ የሁላችሁም ተቃራኒ ነው። በበጋ ቅርፊቱ አይለሰልስም፤ ዳቦው ከነመሀሉ በአንድ ቀን ደርቆ ያድራል። እኔ ያለ ፌስታል አልኖርም። መጀመሪያ በጨርቅ እጠቀልለዋለሁ፣ ከዚያ ፌስታል ውስጥ አስገብቼ አፉን ሳልቋጥር እተወዋለሁ። ጨርቁ ላቡን ይጠጣል፣ ፌስታሉ ደረቁን አየር ይከላከላል። ለአዲስ አበባ ክረምት አይሆንም፣ ለእኛ ግን ይሆናል።

የዳቦ ሳጥን ግዙ ለሚሏችሁ፦ እንጨቱም ሸክላውም ጥሩ ነው፣ የሚሠራው ግን ከዚህ የጨርቅ ዘዴ የተለየ ነገር የለም። ቆርቆሮና ጥብቅ ፕላስቲክ ያለ ቀዳዳ ከሆነ ፌስታል ማለት ነው፣ ዋጋው ብቻ ይለያል።


ሳራ_ገርጂ
ማክሰኞ፣ ማታ 2፡45

ልንገራችሁ። ከዚህ በፊት የማወጣው ዳቦ ስንት እንደሚመዝን አላውቅም ነበር። እንደ ድሮው ጋግሬ ስመዝነው 792 ግራም። ትናንት ክዳኑን ካነሳሁ በኋላ 12 ደቂቃ ጨምሬ፣ በሩን በማማሰያ ገርበብ አድርጌ ስጨርስ 748። ቀለሙ ለዓይን የበዛ ይመስላል፣ ሲበላ ግን ምሬት የለውም፤ እንዲያውም ቅርፊቱ የተቆላ ገብስ ይሸታል።

ማታ ግማሹን በልተን ሌላውን በቆረጥነው ፊት ደፍቼ ያለ ምንም ሽፋን አደረ። ጠዋት እንደ ማታው ነው ብዬ አልዋሽም፤ ጎኑ ላላ ብሏል። አናቱ ግን ሲጫኑት ይሰበራል። ለልጆቹ ቁራሾቹን እትዬ እንዳሉት ምጣድ ላይ አደረግሁላቸው። ባለቤቴ ዳቦ ቤት የሚለውን ቃል ዛሬ አላነሳም።

አንድ ጥያቄ ቀረኝ። ነሐሴ 13 ቡሄ ነው፤ ለሰፈሩ ልጆች ሙልሙል መጋገሬ አይቀርም። ትንንሽ ስለሆነ እንደ ትልቁ ዳቦ ልይዘው እችላለሁ? ኦቨኔ በአንዴ ከስምንት በላይ አይዝም፣ ስለዚህ ዋዜማውን መጀመር አለብኝ።


የዳቦቤት_ልጅ
ማክሰኞ፣ ማታ 3፡30

ትንሽ ዳቦ ከመሀሉ ቅርፊቱ ይበዛል፣ ስለዚህ በሁለቱም በኩል ይፈጥናል፤ ሸፍነሽው ካደረ ቶሎ ይልመጠመጣል፣ ክፍት ካደረ ቶሎ ይደርቃል። ፍልሰታ ስለሆነ ወተትና ቅቤ አይገባበትም፤ ያ ለቅርፊቱ ጥሩ ነው፣ ወተት፣ ቅባትና ስኳር ቅርፊት ያለሰልሳሉና። ዘይትም እጅሽ ላይ እንዳይጣበቅ ያህል ብቻ ይሁን።

ዋዜማውን በ220 ዲግሪ ጋግሪና ገና ፈዘዝ ያለ ወርቅማ ሲሆን አውጪው፤ በትንሹ ያልጨረሰ ይሁን። ሲበርድ ሰፌድ ላይ ሳይደራረብ ደርድሪ፣ ሌሊቱን በስስ ጨርቅ ሸፍኚ። በበዓሉ ቀን የልጆቹ ጭፈራ ከጎረቤት ሲሰማ ስምንት ስምንቱን 200 ዲግሪ ላይ ለ6 ወይም ለ7 ደቂቃ መልሺው። ቀለሙን ያኔ ይጨርሳል፣ ቅርፊቱም እንደ አዲስ ነው።


እትዬ_የሺ
ማክሰኞ፣ ማታ 3፡52

ይህን ሁሉ ድካም ለሆያ ሆዬ ልጆች? የሰጧቸውን ሙልሙል ሁሉ ትኩሱንም ቀዝቃዛውንም አንድ ከረጢት ውስጥ ነው የሚከቱት። ሦስት ቤት ሳያልፉ የአንቺ ኩርሽም ከሁሉም ጋር ይታፈናል።


ሳራ_ገርጂ
ማክሰኞ፣ ማታ 4፡05

እንግዲያውስ አንዳንዷን በር ላይ ይብሏት፣ ሳይበሉ አልመርቅም አሰኛቸዋለሁ።


ጎረቤት_ነኝ
ማክሰኞ፣ ማታ 4፡07

ዕድሜ አይጠየቅም አይደል? ዱላዬን ይዤ መጣሁ።